«ቴሲሴን መለሱብኝ… ከፍዬ ልገላገል?»

በየሳምንቱ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የልብ ጉዳይ ናቸው። «ሌላ ይዞ ትቶኝ ሄደ»፣ «ቤተሰቦቿ ናቁኝ»፣ «ቀለበት ካሰርን በኋላ ጠባዩ ተለወጠ»… ታውቁታላችሁ። የዛሬዋ ግን ለየት ትላለች። ጸሐፊዋ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር የ27 ዓመት ወጣት ናት። ልቧን የሰበረው ጎረምሳ አይደለም፤ ጆርናል ነው! ደብዳቤዋ ስድስት ገጽ ስለሆነ አሳጥረን እነሆ፦

«ለዓምዱ አዘጋጅ፦ ሰላምታዬ ይድረስዎት። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የሠራሁት ጥናት እናቶች ጤና ጣቢያ ሄደው እንዳይወልዱ ምን እንደሚያግዳቸው ነው። ሦስት ወር ሙሉ ከቀበሌ ቀበሌ በእግሬ ዞሬያለሁ። ውሻ አባሮኛል፣ ጭቃ አዳልጦኛል። ቴሲሱ በጥሩ ውጤት አለፈ። ሥራ ቦታዬ ‹ዕድገት ከፈለግሽ አሳትሚ› ስላሉኝ፣ 94ቱን ገጽ እንዳለ ለአንድ የታወቀ የውጭ ጆርናል ላክሁት። በአራተኛው ቀን መለሱብኝ! ‹የጸሐፊዎች መመሪያችንን አልተከተለም› ይላል። አንዲት ገጽ እንኳ ያነበቡ አይመስለኝም። ሁለት ቀን እህል በአፌ አልዞረም።

«በዚያው ሳምንት ሌላ ጆርናል በኢሜል ጻፈልኝ። ‹የተከበሩ ፕሮፌሰር› ብሎ ነው የሚጠራኝ። ድንቅ ሥራዬን እንዳየና በ72 ሰዓት ውስጥ ተቀብሎ እንደሚያወጣልኝ ነገረኝ። 350 ዶላር ይጠይቃል። ዱባይ ያለችው እህቴ ይኼን ስነግራት አላስችል ብሏት ገንዘቡን ልካልኛለች። አማካሪዬ ደግሞ ‹የእኔ ስም ካልቀደመ አይሆንም› ብለዋል። ጥናቱን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁት የሥራ ቦታዬ የትምህርት ክፍል ኃላፊም ‹እኔንም እንዳትረሺኝ› አሉኝ። ግራ ገባኝ። ከፍዬ ልገላገል?»

እህቴ፣ አትክፈይ! ይኼን አስቀድሜ ልበልና ሌላውን ቀስ ብለን እናወጋለን።

ከደብዳቤሽ ጋር አባሪ አድርገሽ የላክሽውን የኤዲተሩን መልስ አንብበነዋል። አንቺ ግን እስከ መጨረሻው ያነበብሽው አይመስለኝም። ንዴት ዓይን ይጋርዳል። ሰውየው አምስት ነገር ዘርዝሯል፦ ጽሑፉ ከ4,000 ቃላት እንዳይበልጥ ሲባል ያንቺ 24,000 ገደማ ነው፤ አብስትራክቱ በንዑስ ርዕስ አልተከፋፈለም፤ ስምሽን ከዋናው ጽሑፍ አላወጣሽም፤ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ቁጥር የለም፤ ሪፈረንሶቹ በጆርናሉ ስልት አልተጻፉም። በስተመጨረሻም «አስተካክለው ቢልኩልን እንመለከተዋለን» ይላል። ይኼ ታዲያ መባረር ነው? በጆርናል ቤት «አንቀበልም» ሌላ ነው፣ «አስተካክለሽ አምጪ» ሌላ ነው። አንቺ የደረሰሽ ሁለተኛው ነው።

እኔ ራሴ በጉርምስናዬ ለአንድ መጽሔት ጽሑፍ ይዤ ሄጄ፣ አዘጋጁ ገልጦ እንኳ ሳያየው መልሶልኛል። የተሰደብኩ መስሎኝ ደሜ ፈልቶ ነበር። ለካስ በወረቀቱ ፊትና ጀርባ ስለጻፍኩ ነው! ፊደል ለቃሚው በአንድ ወገን ብቻ የተጻፈ ወረቀት ነበር የሚፈልገው። በእጅ እንደገና ገልብጬ ስወስድለት አነበበው። ወደደው ወይ? ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ቴሲሱን እንቁረጠው

ያንቺ ዋነኛ ስህተት ፎንቱ አይደለም። ቴሲስና የጆርናል ጽሑፍ አንድ መስለውሽ ነው። ቴሲስ የሚጻፈው ለፈታኝ ነው። ማንበብሽን፣ መድከምሽን፣ ነገሩን ማወቅሽን ልታሳዪው ነው። የጆርናል አንባቢ ግን አንቺን ሊፈትን አልተቀመጠም። ምናልባት ናይሮቢ ወይም ዳካ ያለ ሐኪም ነው፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ ያለው። ምን እንዳገኘሽና ማመን ይችል እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል፣ በቃ።

ስለዚህ ምስጋናው ውስጥ ለእናትሽ፣ ለጓደኞችሽና ለታይፒስቷ ያሰፈርሽው ሙሉ ገጽ ይውጣ። (እናትሽን ሌላ ቦታ አመስግኚያት።) ሃያ ሁለት ገጽ የፈጀው የሊትሬቸር ሪቪው ምዕራፍ ወደ ሦስትና አራት አንቀጽ ይውረድ። የቃላት ትርጓሜው፣ የጊዜ ሰሌዳው፣ የበጀት ሠንጠረዡ፣ ከኋላ የተለጠፈው መጠይቅ… ሁሉም ይውጣ። መጠይቁን ጆርናሉ ከፈለገው በተጨማሪ ፋይል ይወስደዋል። መቁረጡ እንደሚያም አውቃለሁ፤ በእግርሽ የዞርሽበት ነው። ግን ቴሲሱ በዩኒቨርሲቲሽ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፣ አይጠፋም።

የሚቀረው አራት ክፍል ነው። መግቢያው «ለምን አጠናሽው?» ለሚለው ይመልሳል። ዘዴው «እንዴት?»፣ ውጤቱ «ምን አገኘሽ?»፣ ውይይቱ ደግሞ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ለሚለው። አዎ፣ የመጨረሻው ጥያቄ እንዲያ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው። ውጤቱን በሌላ ቃል ደግሞ ይጽፍና ውይይት ይለዋል።

ስትጽፊ ግን ከመግቢያው አትጀምሪ። መጀመሪያ ሠንጠረዦችሽን አስተካክዪ። አሥራ አራት ሠንጠረዥ አለሽ፤ አብዛኛው ጆርናል ከአምስት ስድስት በላይ አይወድም፣ ስለዚህ የትኛው ቢቀር ታሪኩ እንደማይጎድል አስቢ። በሠንጠረዥ ያስቀመጥሽውን ቁጥር በጽሑፍ አትድገሚው፤ አንኳሩን ብቻ ጥቀሺ። ሠንጠረዡን በወርድ ላይ በራሱ በቴብል ሥሪው እንጂ ፎቶ አንስተሽ አትለጥፊው። ከዚያ ዘዴውን፣ ውጤቱን፣ ውይይቱን ጻፊ፣ ቀጥሎ መግቢያውን። አብስትራክቱና ርዕሱ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ለእንዳንቺ ዓይነት ጥናት ስትሮብ የሚባል 22 ነጥብ ያለው የማመሳከሪያ ዝርዝር አለ፤ በነፃ ይገኛል። ብዙ የጤና ጆርናሎች ሞልተሽ እንድትልኪው ስለሚጠይቁ ከወዲሁ ፊትሽ አስቀምጪው።

እዚህ ላይ የእኛ ሀገር ሰው በተለይ የሚሳሳትባቸውን ላንሳ። መረጃ የሰበሰብሽው መጋቢት 2015 ዓ.ም. ነው። «መጋቢት»ን ወደ እንግሊዝኛ ለውጠሽ 2015ን እንዳለ ትተሽዋል! የውጭ አንባቢ ስምንት ዓመት ያረጀ መረጃ ያመጣሽ ነው የሚመስለው። ማርች 2023 ተብሎ መጻፍ አለበት። «ቀበሌ» ስትዪም ትንሹ የአስተዳደር እርከን መሆኑን በመጀመሪያው ቦታ በአንዲት ሐረግ ንገሪው፤ «የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ» ማን እንደሆነችም እንዲሁ። አንቺ አብረሻት ዞረሻል፣ የዳካው ሐኪም ግን አያውቃትም።

ስለ ቅርጹ ብዙ አልልም፤ ጆርናሉ ራሱ ጽፎልሻል። «ለጸሐፊዎች መመሪያ» የሚለውን አትሚና በእስክሪብቶ እያሰመርሽ አንብቢው። የፊደሉ መጠን፣ የመስመሩ ርቀት፣ የመስመር ቁጥር፣ ሁሉም እዚያ አለ። ቀጥሎ ከዚያው ጆርናል በቅርቡ የወጡ፣ ያንቺን የሚመስሉ ሦስት ጽሑፎች አውርጂና አጠገብሽ አድርጊ። ስም ይውጣ ካሉ፣ ገምጋሚው ጸሐፊውን ሳያውቅ እንዲፈርድ ነውና ስምና አድራሻሽ ለብቻው በርዕስ ገጽ ይሂድ። የፈቃዱን ጉዳይ አትናቂው፦ ፈቃድ የሰጠው ኮሚቴ ስምና የደብዳቤው ቁጥር፣ እናቶቹም በፈቃዳቸው መሳተፋቸው ይጻፍ። መሸኛ ደብዳቤሽም ግማሽ ገጽ ትብቃው። «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» አይባልም! ምን እንዳጠናሽ፣ ለዚያ ጆርናል አንባቢ ለምን እንደሚጠቅም፣ ሌላ ቦታ አለመላኩን ንገሪው። አንድን ጽሑፍ ለሁለት ጆርናል ባንዴ መላክ ክልክል ነው። እንግሊዝኛውን በኤአይ ካስተካከልሽም መመሪያው በሚለው መሠረት አሳውቂ፤ የሌለ ሪፈረንስ ፈጥሮ ሊሰጥሽ ስለሚችል እያንዳንዱን ራስሽ አረጋግጪ።

ሪፈረንስ ካልን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ጥቂት የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው አንድ ወጥ ደንብ አወጡ። ያንቺ ጆርናል የሚጠይቀው የቫንኩቨር ስልት ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ምንጮች በጽሑፉ ውስጥ በመጡበት ቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጣቸዋል። በእጅ ስትቆጥሪ አንዱን ከሰረዝሽ ሁሉም ይዛባል፤ ዞቴሮ የሚባለውን ፕሮግራም በነፃ ጫኚና እሱ ይቁጠርልሽ።

ግን ዞቴሮም ሆነ የውጭው ጆርናል የማይገባው አንድ ነገር አለ፤ የእኛ ስም! ፈረንጅ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። አበበ ከበደ የሚባል ሰው እዚህ «ዶክተር አበበ» ነው፤ ሪፈረንስ ውስጥ ሲገባ «ከበደ አ.» ይሆናል። አባትየው ሳያውቁት ሳይንቲስት ሆኑ ማለት ነው! ሦስት ስም የጻፈ እንደሆነ ደግሞ ክብሩ ወደ አያት ይሄዳል። በኢትዮጵያ ጥናት ላይ የሚያተኩሩ ጽሑፎች ስማችንን በራሳችን ሥርዓት፣ የራስን ስም አስቀድመው ሲጽፉ የኖሩት ለዚህ ነው። በሕክምና ጆርናሎች ዘንድ ግን ይኼን ማሸነፍ አትችዪም። ስለዚህ ዛሬውኑ ወስኚ፦ ሁለት ስም ወይስ ሦስት? በእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፉስ? የወሰንሽውን እስክትጦሪ አትቀይሪው። አንዱን ጊዜ እንዲህ፣ ሌላውን ጊዜ እንዲያ ከጻፍሽ ሁለት ሰው ትሆኛለሽ። ኦርኪድ የሚባል 16 አሃዝ ያለው የተመራማሪ መለያ ቁጥርም በነፃ አውጪ፤ ስም ቢምታታ ቁጥሩ ይለይሻል።

«ፕሮፌሰር» ያለሽ ሰው

አሁን ወደ ሁለተኛው እንምጣ። እስቲ አስቢው፤ አንድ የማታውቂው ሰው መንገድ ላይ አስቁሞሽ «ላግባሽ! ሠርጉ በሦስት ቀን ይሁን፣ ቀለበቱን ግን አንቺ ግዢ» ቢልሽ ምን ትዪዋለሽ? ይኼም ያው ነው። ፕሮፌሰር እንዳልሆንሽ አንቺም ታውቂያለሽ። ጽሑፍሽ በሁለት ገምጋሚ ታይቶ፣ አስተያየት ተሰጥቶበት፣ አንቺም አርመሽው በ72 ሰዓት ሊያልቅ አይችልም። ደህና ጆርናል ወራት ይፈጃል።

የጆርናል ነጋዴዎች አዲስ አይደሉም። አሜሪካ ኮሎራዶ የነበረ ጄፍሪ ቢል የሚባል የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ስማቸውን እየዘረዘረ ያወጣ ነበር፤ ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ቢዘጋም ነጋዴዎቹ ግን አልተዘጉም። አንዳንዶቹ የታወቀ ጆርናል ስም ሰርቀው ነው የሚመጡት። ክፋታቸው 350 ዶላር መውሰዳቸው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንዴ እነሱ ጋ ከወጣ በኋላ ያ ጥናት ሌላ ጆርናል ላይ አይወጣም። «መልሱልኝ» ስትያቸው ለመመለሻም ክፈዪ የሚሉ አሉ። ሦስት ወር የዞርሽበት ሥራ፣ እነዚያ እናቶች በራቸውን ከፍተው ያጫወቱሽ ሁሉ፣ ማንም ከቁም ነገር በማይቆጥረው ቦታ ተቀበረ ማለት ነው። የሚያሳዝነኝ ከገንዘቡ ይልቅ እሱ ነው።

ብር የሚያስከፍል ሁሉ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፣ እንዳትሳሳቺ። እንደ ፕሎስና ቢኤምሲ ያሉ የተከበሩ አሳታሚዎችም ያስከፍላሉ፣ ያውም ከዚህ የበለጠ። ግን ጽሑፉ በገምጋሚ አልፎ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነው የሚያስከፍሉት፤ ዋጋቸውንም በግልጽ ለጥፈዋል። ከድሀ ሀገር ለሚጽፍ ደግሞ ብዙዎቹ ክፍያውን ይምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። ጥያቄው ግን ጽሑፉን ስትልኪ እንጂ ደረሰኙ ከመጣ በኋላ አይቀርብም! በዚህ የተቃጠለ ስንት ሰው አለ።

ጆርናልን እንዴት ትለዪዋለሽ? እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ክፍት ጆርናሎችን እየመረመረ የሚመዘግብ ዶአጅ የሚባል ማውጫ አለ፤ እዚያ ፈልጊው። የአፍሪካ ጆርናሎች ደግሞ አጆል በሚባለው ላይ ይገኛሉ። የአዘጋጆቹን ስም አውጥተሽ የሚሠሩበት ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ መኖራቸውን አጣሪ። የአዘጋጁ ኢሜል ማንም በነፃ የሚከፍተው ዓይነት ከሆነ ጠርጥሪ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለ የመጻሕፍት ባለሙያም ጠይቂ፣ ሰው መጠየቅ አያዋርድም።

ደግሞስ የግድ ውጭ ለምን? የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ሲወጣ የኖረ ነው። ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ሄልዝ ዲቨሎፕመንት አለ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲው ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ሄልዝ ሳይንስስ አለ። የእናቶችን ጉዳይ የሚወስን የወረዳ ጤና ኃላፊ ጽሑፍሽን ቢያይ የሚያየው እዚህ ነው። ከመላክሽ በፊት ግን የየራሳቸውን መመሪያ አንብቢ፤ የሀገር ልጅ ነሽ ብለው አያልፉሽም።

የማን ስም ይቅደም?

ይኼኛው ከሁሉም ከባድ ነው፣ ምክንያቱም በፎርማት አይፈታም። መማርሽም እንጀራሽም አለበት።

ያ ቫንኩቨር ላይ የተጀመረው የአዘጋጆች ኮሚቴ ጸሐፊ ማን እንደሆነም ደንብ አውጥቷል። አራት ነገር ይጠይቃል፦ ጥናቱን በማቀድ ወይም መረጃውን በመሰብሰብና በመተንተን ጉልህ ድርሻ መኖር፤ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ሁሉ ኃላፊነት መውሰድ። አራቱም ባንድነት ነው የሚፈለጉት። በዚህ ሚዛን አማካሪሽ ጸሐፊ ሊሆኑ ይገባቸዋል፤ አቅድሽን አርመዋል፣ ትንተናውን አሳይተውሻል ብለሽ አንቺው ጽፈሻል። ቀዳሚው ስም ግን ሥራውን የሠራውና የጻፈው ሰው ነው፤ ከተማሪ ቴሲስ ሲወጣ ደግሞ በተለመደው አሠራር ተማሪዋ ናት።

ታዲያ እንዴት ይነገራቸው? በኢሜል አይሁን፣ በኮሪደርም አይሁን። ቀጠሮ ያዢና ያጠረውን ጽሑፍ አትመሽ ይዘሽ ሂጂ። ባዶ እጅሽን ሄደሽ ስለ ስም ከምትከራከሪ፣ ሥራው እጅሽ ላይ ይታይ። «ዶክተር፣ ያለ እርስዎ እዚህ አልደርስም ነበር። መመሪያውን አነበብኩት፤ በጤና ጆርናሎች የመጨረሻው ቦታ ሥራውን የመራው የታላቁ ሰው ቦታ ነው። እኔ በፊት፣ እርስዎ በዚያ ብንሆን ምን ይመስልዎታል?» በያቸው። ውሸት አይደለም፤ በጤናው ሙያ የመጨረሻው ስም የክብር ቦታ ተደርጎ ይቆጠራል። ብዙ አማካሪ ይኼን ሲሰማ ይለዝባል። ካልለዘቡ ለድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ማቅረብ ትችያለሽ፤ እሱ ግን የመጨረሻው በር ነው። ከሳቸው ተደብቀሽ ለመላክ ግን እንዳታስቢ። ብዙ ጆርናሎች ስሙ ለሰፈረ ሰው ሁሉ ኢሜል ይልካሉ፤ ስማቸውን አውጥተሽ ብትልኪው ደግሞ ስታጠፊ የተገኘሽ አንቺ ትሆኛለሽ።

የትምህርት ክፍል ኃላፊሽ ጉዳይ ቀላልም ከባድም ነው። በደንቡ ቦታ የላቸውም። አለቃ ስለሆኑ ግን «አይገባዎትም» ብለሽ ፊት ለፊት ብትናገሪ እንጀራሽን ትነኪያለሽ። ስለዚህ ቅጹ ይናገርልሽ። ብዙ ጆርናሎች እያንዳንዱ ጸሐፊ ምን እንደሠራ አስጽፈው ያትማሉ። ወረቀቱን ይዘሽ ግቢና «ጋሼ፣ ከስምዎ አጠገብ ምን እንደሠሩ ጻፊ ይላል፤ የትኛውን ልሙላልዎ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ዝም ካሉ «እንግዲያው በምስጋናው ላይ ላስገባዎት» በዪ። በእውነት ረድተውሽ ከሆነ ነው ታዲያ፤ የመስክ ፈቃድ ወይም መኪና ሰጥተውሽ ከነበረ። ምንም ካልረዱሽ ለምስጋናውም ምክንያት የለም። ከዚያ በኋላ ቢቀየሙሽስ? ሊቀየሙ ይችላሉ፣ አልዋሽሽም። ግን ነገ ጽሑፉ ላይ አንድ ስህተት ቢገኝ የሚጠየቁት ስማቸው የሰፈረው ሁሉ ናቸው፤ ይኼንንም በለሆሳስ ብትነግሪያቸው ምኞታቸው የሚቀዘቅዝ ይመስለኛል።

ጆርናሉ የሚጻጻፍበት ሰው አንቺ ሁኚ። ኢሜሉም ሥራ ብትቀይሪ የማይዘጋ ይሁን።

የእህትሽን ገንዘብ ግን ዛሬውኑ መልሺላት። በሰው ቤት ሠርታ ይሁን በሱቅ አልነገርሽንም፤ ብቻ ለፍታ ያገኘችው ነው። ደውለሽ ለምን እንደመለስሽላት አስረጂያት፤ «ፕሮፌሰር» ብሎ ስለጠራሽ ሰውዬም ንገሪያት፣ ሳትስቅ አትቀርም።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እንገናኝ።